የአቶ ልሳነወርቅ ፀጉር

መንካት ማለት ጣትን ከአንድ ዕቃ ጋር ማገናኘት ነው፤ የባለሥልጣን ክብር ሲሆን ግን ጣት ሳይነሣም ይፈጸማል።

ልጆች እየነካኩ ሳይንስ የሚማሩበትን ሙዚየም ሊዘጉ የመጡት ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ፣ አስጎብኚዋ ስለ ኤሌክትሪክ ስታስረዳ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። በኋላም ለሙከራ የተዘጋጀው የላስቲክ መቆሚያ የንግግር መድረክ መስሏቸው ወጡበትና አጠገቡ ያለውን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የብረት ኳስ ተደገፉ።

«ይሄ ጨዋታ ነው! በመነካካት የተማረ አንድ ሰው አሳዪኝ፤ አለዚያ ነገ ይታሸጋል!»

አስጎብኚዋ የኳሱን ማብሪያ ተጫነች። ፀጉራቸው እንደ ጃርት ቆመ፤ ሊጎበኙ የመጡት ልጆች በሳቅ ፈነዱ።

«ምንድን ነው ይሄ? ለምን ቆመ?» አሉ ደንግጠው።

«ጌታዬ፣ ግማሽ ሰዓት ሳስረዳዎት አንድም ጥያቄ አልነበረዎትም፤ ሲነኩት ግን ‹ለምን› አሉ። አሳዪኝ ያሉኝን ሰው ከፈለጉ፣ መስታወቱ እዚያ ነው።»

ሙዚየሙ አልታሸገም፤ ፀጉራቸውም ከምሳ በፊት ተኛ።