አራት በሬ የፈጀው ነጋሪት

አውራጃ በተነጠቁ ቁጥር «ለጎረቤታችን በአደራ ሰጠነው» እያሉ አዋጅ የሚያስነግሩ አንድ ንጉሥ ነበሩ። በአደራ የሚሰጥ አገር እያለቀ ሲሄድ፣ የአራት በሬ ቆዳ የፈጀ ነጋሪት አሠሩና «የአገራችንን ታላቅነት በዚህ እወቁ» አሉ።

መኳንንቱ ሁሉ አጨበጨቡ። ዝም ያለው ነጋሪት ጎሳሚው ብቻ ነው። ድሮ አዋጅ ሊያዳርስ ሲወጣ የሁለት ወር ስንቅ ይቋጥር ነበር፤ ዘንድሮ አዳርሶ ለምሳ ቤቱ ይገባል።

ዝምታው ንጉሡን ከነከናቸው። ሰው በተሰበሰበበት ወደ ፊት አስጠሩት።

«እስቲ ንገረን፤ ይህ ነጋሪት ከዚህ ግቢ ሲጎሰም ድንበራችን ድረስ ይሰማል? አይሰማም ካልህ ነጋሪቴን አቃለሃል። ይሰማል ካልህ አገሬ ጠባለች ማለትህ ነው። በሁለቱም አንገትህ ይቀላል።»

ጎሳሚው እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ እኔ ደሃው ስለ ድንበር ምን አውቃለሁ? ብቻ ትናንት ስሞክረው፣ እኚያ አደራ ተቀባዩ ንጉሥ በጓሮ አጥር ብቅ ብለው ‹ኧረ ቀስ አድርገህ ጎስም፣ ልጆች ተኝተዋል› ብለውኛል።»