የእመት አህዪት ጉርሻ

አንድ ጊዜ፣ አራዊቱ ገና በአንድ ገበታ ዙሪያ ተጠጋግተው በሚበሉበት በዚያ ደግ ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል ሳቂታ አህያ ነበረች። ከወንዙ ማዶ፣ በትልቁ ወርካ ሥር፣ ጌታው አንበሶ የከፈተው ምግብ ቤት ነበረ። እሷም ከገበያ ስትመለስ ጭነቷን አራግፋ እዚያ ካልተቀመጠች ቀኑ ቀን አይመስላትም።

ታዲያላችሁ፣ የዚያ ቤት ጣዕሙ አስተናጋጇ እመት ጦጢት ነበረች። ኧረ ምን ሴት ነበረች! እንግዳ ገና ከሩቅ ሲታያት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ወርዳ «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እናት! ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ኮቴ ታስታጥባለች። እህሉን ለቅማ፣ አጥባ፣ ንፍሮውን እንፋሎቱ ሳይበርድ ታቀርባለች። የማን ልጅ እንዳሳለው ሳይቀር ትጠይቃለች። በመጨረሻም፣ የቤቱ ወግ ነውና፣ እንግዳው ከገበታው ያጎርሳታል። ጉርሻ ያኔ እንዲህ ነበር፤ እጅ ከአፍ! እመት አህዪት በኮቴዋ ጫፍ ስታጎርሳት፣ ጦጢት ጉንጯን ነፍታ ስትስቅ፣ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይስቅ ነበር። ወይ ያ ጊዜ!

ምን ያደርጋል፣ ጦጢት ወገቧ አልታዘዝ ሲላት ልጆቿ ዘንድ ልትጦር ሄደች። በቦታዋ የተቀጠረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ!

እመት አህዪት ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ጌታው አንበሶ ግን «በቤቴ እንግዳ የነካ አስተናጋጅ ቆዳው ይገፈፋል» ብሎ አውጆ ነበር። ደግሞም ወርካው ናፈቃት። እንደ ድሮው መስሏት ሄዳ ከለመደችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

አያ ጅቦ እየተጎተተ መጣ። «ምን ልብላ?» አላት።

«ምን ልታዘዝ ነው የሚባለው፣ አያ ጅቦ።»

«እሱኑ ማለቴ ነው። ምን ላምጣ?»

«ንፍሮ፤ ባቄላና ስንዴ።»

ሄደ፣ ቀረ። የወርካው ጥላ ዞሮ ወደ ወንዙ ሲወርድ ብቅ አለና አንድ ትልቅ ቅልጥም ፊቷ አኖረ።

«ኧረ በፈጠረህ! እኔ ቅልጥም እበላለሁ?»

«አትበዪም? እንግዲያው እንዳይባክን» አለና እዚያው ቆሞ ከረጨመው።

ቀጥሎ ንፍሮውን ከነማሰሮው ከነጭልፋው ተሸክሞ መጥቶ ዘፍ አደረገላት። ኮቴ ማስታጠብ የለ፣ መልቀም የለ። በርዷል። አንድ ጊዜ ብትጎርስ ያልተለቀመ ድንጋይ ጥርሷን ቋ! አደረገው። ጦጢት በዓይኗ መጣችባት። ቅር ቢላትም ይሉኝታ ያዛትና ድንጋዩን ቀስ ብላ ተፋችው።

ይሄኔ ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማች። ከተመጋቢዎቹ አንዱ፣ አያ ቀበሮ ነው። የአህያ ጆሮ ረጅም መሆኑን ረስቶ ለጅቦ ሲመክረው፦

«አንተ ሞኝ! ንካት ማን አለህ? ጉርሻህን ጠይቅ። ወጉ ነውና ራሷ እግሯን አፍህ ውስጥ ታስገባልሃለች። ያኔ ግጥም! አንበሶ ቢጠይቅ እሷ ናት ያስገባችው ትላለህ። ለእኔም ትንሽ ታስቀርልኛለህ።»

«እንዴ! ጉርሻ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ጅቦ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ።

እመት አህዪት ቀና ስትል ጅቦ አፉን እንደ ዋሻ ከፍቶ ፊቷ ቆሟል።

«ጉርሻዬስ?»

ገበታው ሁሉ ዞሮ አያት። ቀበሮም ጮክ ብሎ «ምነው እመት አህዪት፣ ለጦጢት እንደዚያ ስታጎርሺ ኖረሽ ዛሬ ንፉግ ሆንሽ?» አላት።

ካጎረሰች እግሯ ሊቀር ነው። ካላጎረሰች በዚያ በተከበረችበት ቤት ንፉግ ተብላ ልትወጣ ነው። ይሉኝታ አንዴ እግሯን አስነስቷት ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። ዓይኗ ማሰሮው ላይ አረፈ።

«ኧረ ምን ገዶኝ! ላጉርስህ እንጂ። እስቲ ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈነ። ጭልፋውን እስከ ማሰሮው ግርጌ ሰድዳ፣ ያንን በራሱ እጅ ያቀረበላትን ንፍሮ ሞልታ ዛቀችና ከሩቁ ጉሮሮው ድረስ ላከችለት። ጅቦ እግሯን ያገኘ መስሎት ባለ በሌለ ኃይሉ ግጥም አደረገ።

ቋ! ቀጭ!

«ወይኔ ጥርሴን! ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። «የትኛው ደደብ ነው ይህን ያልለቀመው? ይህን ለእንግዳ የሚያቀርብ ጉርሻ ሳይሆን ዱላ ነው የሚገባው!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሚዳቋዋ፣ ኤሊው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

ጌታው አንበሶ ብድግ አለ። «ጅቦ፣ ጥሩ ፈረድክ።»

«ማን ላይ ጌታዬ?» አለ ጅቦ፣ ግራ ገብቶት።

«አንተው ላይ! በል ጓዳ ግባ፤ መልቀም እስክትማር ከእህሉ ፊት አትነሳ። አንተም አጉርሺ ባዩ ቀበሮ፣ ወዴት ነው ሹልክ የምትለው? አጠገቡ ተቀመጥ!»

እመት አህዪት ኮቴዋን አራገፈች። «አያ ጅቦ፣ አትከፋ» አለችው። «እንደ ሰው አስተናግደኝ፣ ያን ቀን እኔ ራሴ ና ጉረስ ብዬ እለምንሃለሁ።» ይህን ብላ በአራቱም እግሯ መሬቱን ደህና አድርጋ እየረገጠች ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው ጉርሻ በደስታ የሚሰጥ ምስጋና እንጂ አፉን ለከፈተ ሁሉ የሚገበር ግዴታ እንዳልሆነና፣ የከፋ መስተንግዶን በይሉኝታ አጉርሶ ከማለፍ ይልቅ ለሠራው ለራሱ አቅምሶ ማሳየት እንደሚሻል ነው።