በሆራው መንገድ የቆመው አጥር

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ገና ድንበር ሳይባል፣ በወዲህኛው ዳር አያ አንበሶ፣ በወዲያኛው ዳር ጎሾች ይኖሩ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሆራ አለ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ከብት የሚያፋፋ ምንጭ። ዝናቡ ሲያባራ የሁለቱም አገር እንስሳት አብረው ይወርዱበታል። ሆራው ላይ መዋጋትም መናከስም ነውር ነበር። ግልገልና ጥጃ ተቀላቅሎ ይቦርቃል፤ እናቶች ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ወይ ጊዜ! እንዲያም ያለ ጊዜ ነበር።

ከዚያ በሁለቱ አገሮች መካከል ትልቁ ጦርነት መጣ። በምን እንደተጀመረ የሚያውቁት እዚያው ስላለቁ ዛሬ የሚያስረዳ የለም። ድሉ የአያ አንበሶ ነው ተባለ፤ እሱ ግን ልጆቹን ቀብሮ ተመለሰ። ሸንጎው ጉልበተኞቹን አጣ። ስለዚህ በጦርነቱ ስንቅ ስታመላልስ የከረመችው እሜቴ አህያ፣ ቀድሞ ከሸንጎው ደጅ የማትደርሰው፣ ከንጉሡ አጠገብ ተቀመጠች። ክብሩ ደስ አላት፤ የተቀመጠችበት ቦታ የማን እንደነበር ስታስብ ግን አለቀሰች።

ቀበሮ ተነሳች። «ጌታዬ፣ ጎሾች ቂመኞች ናቸው። ወንዙን ዳር እስከ ዳር በእሾህ እንጠረው። ለዘበኝነት ደግሞ ከጎረቤት አገር አያ ጅቦን እናምጣ። የሚያዋጣው ከኃይለኛ መወዳጀት ነው።»

«ጅብን?» አለች አህያ፣ ጆሮዋ ቆሞ።

«ዘመኑ ተለውጧል፣ እሜቴ! የድሮውን እርሺው!»

የፈራ አገር ምክር አያማርጥም። ጅብ መጣ። በማያውቁት አገር ቢሆን ባልከፋ፤ እሱ ግን በደንብ በሚያውቁት አገር ገብቶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ። ተነጠፈለት። ሲነጋ ቁርበቱ የለም።

«ጎሾች ሰረቁት» አለ ጅብ፣ ከንፈሩን እየላሰ።

አጥሩ ወፈረ። ቀጥሎ ፍየል ጠፋች። «ጎሾች ናቸው!» አጥሩ እንደገና ወፈረ። ቀበሮም በትርፍራፊው ወዛች።

ሆራ ያጣው መንጋ ከሳ። የአህያ ውርንጭላ መቆም አቃተው። ይህን የሰማ ጅብ ከተፍ አለ። «እሜቴ፣ ልጅሽን ለኔ ስጪኝ፤ አስታምመዋለሁ።»

አህያ ክው አለች። ቢሆንም ብልሃት አላጣችም፤ ጅብን ወደ ሸንጎው ይዛው ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ አጥርህ እንዴት ነው? ደህና ጠንክሯል?»

ጅብ የተመሰገነ መስሎት ደረቱን ነፋ። «ምን ትያለሽ! እንኳን ጎሽ አይጥም አትሾልክበት! ከታጠረ ጀምሮ አንድም ፍጡር አላለፈም!»



«ታዲያ ፍየላችንን ማን በላት?» አለ አያ አንበሶ፣ ቀስ ብሎ።

ቀበሮ ከመቼው እንደወጣች ያየ የለም። ጅብም እግሬ አውጪኝ ብሎ በረረ። ሲደናገጥ የሮጠው ወደ ራሱ አጥር ነበር፤ ጸጉሩን እሾህ ላይ ትቶ፣ በስቶት ወጣ።

ሸንጎው ተከትሎት ሲደርስ፣ በቀዳዳው ማዶ አንዲት አሮጊት ጎሽ ቆማለች። «ጥጆቻችንን ምን አደረጋችኋቸው?» ስትል ጮኸች። «አንበሶች ወሰዷቸው ይለናል ዘበኛችን።»

«ዘበኛችሁ ማነው?» አለች አህያ።

«ጅብ ነዋ!»

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መነጋገር አላስፈለገም፤ ሁሉም አጥሩን ያፈርስ ጀመር።

ውርንጭላውን ደግፈው ወደ ሆራው ወረዱ። ውርንጭላው ጠጥቶ በእግሩ ቆመ። አያ አንበሶም ከጎሾቹ ጎን አጎንብሶ ጠጣ። ድሮ ቦታ ለማግኘት መጋፋት ነበር። ያን ቀን ማንም ማንንም አልገፋም፤ የሞቱት ብዙ ነበሩና ቦታው ለሁሉም ተረፈ።

ከዚህ የምንማረው ከጦርነት በኋላ በፍርሃት የተሾመ ዘበኛ ከቀድሞው ጠላት ይልቅ ቤት እንደሚያራቁት ነው።