ኮሌታ ያጣው ካፖርት

የተቆለፈ ልብስ የማን ነው? የለበሰው ሰውዬ፣ የቆለፈችው እናት፣ ወይስ ብርድ ላይ የቆመ ሁሉ? ለመመለስ አትቸኩሉ። የቸኮሉት ምን እንዳደረጉ መጀመሪያ ስሙ።

በአንድ ወቅት፣ የጭነት መኪና በሚያልፍባት ደጋማ ከተማ፣ ይታይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አራት ልጆች ነበሯት። የመጨረሻው፣ መኳንንት፣ የመኪና ረዳት ሆኖ ወደ በረሃ ሲወርድ ካፖርቱን አውልቆ ለእናቱ ሰጣት። ግራጫ ካፖርት ነው፤ ኮሌታው ጥቁር ከፋይ። «እዚያ ሙቀት ምን ያደርግልኛል? ስመለስ ክረምት ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ» አላት። ክረምት መጣ፤ እሱ አልመጣም። የሚቀጥለውም መጣ። መኪናውም፣ ሾፌሩም፣ መኳንንትም የውሃ ሽታ ሆኑ።

ይታይሽ ካፖርቱን ከሸሚዞቹና ከሹራቡ ጋር አጥፋ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ሳጥኑን ለትልቋ ልጇ ለጥሩአየሁ አደራ ሰጥታ፣ የጠፋውን ፍለጋ መኪናው ወደሚሄድበት ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። ለቀሩት ሦስት ልጆቿ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ሳጥኑ አይከፈት። በሕይወት ያለን ሰው ልብስ አውጥቶ ማናፈስ ሟርት ነው።»

በወደቡ ከተማ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ወለል እየወለወለች አረጀች። ከመርከብ ለወረደ፣ ከመኪና ለወረደ ሁሉ ስለ ልጇ ትጠይቃለች፤ መልስ ባጣች ቁጥር ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ታወርዳለች። ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ታሪክ በየመጽሐፉ ሞልቷል። መጨረሻው ላይ እናቲቱ አልቅሳ ይቅር ትላለች። ይታይሽ አንብባ ትጨርስና ቦታቸው ትመልሳቸዋለች። አንዱንም አላመነችውም።

ጥሩአየሁ አደራ አክባሪ ነበረች። ሳጥኑን ከራስጌዋ አኑራ፣ ልጆቿ እንዳይቀመጡበት እየተቆጣች አቧራውን ትጠርጋለች። አንድ በጋ ላይ ግን በቁልፉ ቀዳዳ ትናንሽ ገርጣ ያሉ የእሳት ራቶች ሲወጡ አየች። ብል ገብቶበታል። ቁልፉን እንድትሰድላት ወደ ወደብ በሚወርድ ሾፌር ወደ እናቷ መልእክት ላከች። ሾፌሩ ሲመለስ ይዞ የመጣው «አይከፈትም» የሚል አንድ ቃል ነው። ጥቂት ታገሠች። የእሳት ራቶቹ በዙ። አንድ ማለዳ ተነሥታ የሳጥኑን ማጠፊያ በመጥረቢያ ጀርባ ነቀለችው። «አደራ ማለት ብል መቀለብ ከሆነ በቃኝ» አለች። ሹራቡ ወንፊት ሆኗል፤ የካፖርቱ ጀርባ ሲነኩት ይረግፋል። የተረፈውን አውጥታ አላፊ አግዳሚ በሚያየው አጥር ላይ አሰጣችው። ጎረቤቶች አማተቡ፤ አንዷማ «ወንድሟን ገደለችው» ብላ ለሰፈሩ አዳረሰች። ያን ቀን ባትከፍተው ኖሮ ግን ከዚያ ሳጥን የሚወጣው እፍኝ ትቢያ ነበር።

ሁለተኛው ልጅ ፈንታ ልብስ ሰፊ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች በረንዳው ላይ ከዝናብ ይጠለላሉ፤ እሱም ሥራ ፈተው እንዳይደባደቡ መርፌ ያስይዛቸዋል። ከአሮጌ ካልሲ ኳስ፣ ከጣሳና ከቆርኪ መኪና፣ ከተቀደደ ማዳበሪያ ቦርሳ ያሠራቸዋል። ጣቱን ተወግቶ ለሚያለቅስ «ዝም በል፤ ጨርቁ ስንቴ ተወግቶ አላለቀሰም» ይለዋል። ጥሩአየሁ ካፖርቱን አናፍሳ ወደ ሳጥኑ ልትመልስ ስትል ፈንታ ከእጇ ወሰደውና ልጆቹ መሃል ዘረጋው። ብል የበላውን እየተወ ደህና ደህናውን ቆረጠ። ከእጅጌው ቆቦች ወጡ፣ ከኪሶቹ የብይ ከረጢት፣ ከሸሚዞቹ የአሻንጉሊት ገላ፤ የሹራቡ ክር የአሻንጉሊቶቹን ሆድ ሞላ። የከፋዩ ኮሌታ የደረሰው እንጉዳይ ለምትባል፣ አክስቷ ዘንድ ለምትኖር የሙት ልጅ ነው። የአሻንጉሊቷ ፀጉር አደረገችው።

ጥሩአየሁ «ማን ቁረጥ አለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«ብሉስ ማንን አስፈቀደ፣ እትዬ?» አላት።

በዚያ ቤት የመኳንንት ስም አይነሳም ነበር። አለ ማለትም ሞቷል ማለትም ያስፈራል፤ ስለዚህ ዝም ይባላል። ፈንታ ግን ጨርቁ የማን እንደነበር ለልጆቹ ነገራቸው። እንጉዳይ ስሙን ለአሻንጉሊቷ አወጣችለት። ያን ክረምት «መኳንንት ራበው፤ መኳንንት ወደቀ፤ መኳንንትን አምጪልኝ» የሚል ድምፅ ከሰፈሩ አልጠፋም። ፈንታ ባይቆርጠው ኖሮ ጨርቁም ስሙም ተመልሰው ይቆለፉ ነበር።

ከዚያ መርዶ መጣ። መኳንንትን በገዛ እጁ አሸዋ ውስጥ የቀበረ ሰው ከበረሃ ተመልሶ መሰከረ። ልጁ የሞተው በሄደበት ዓመት ነው፤ ሳጥኑ ሲቆለፍ ነገሩ አልቆ ነበር። የተቀበረበትን ቦታ ነፋሱ አጥፍቶታል። በዚያች ከተማ ሬሳው ላልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ከሁሉ ይበልጥ ታማኝ የሆነለት ሰው ልብሱን በለቀስተኛው መሃል ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ሙሾው ለልብሱ ይወርዳል። ለቅሶው ሲያበቃ ልብሱ የያዘው ሰው ይሆናል።

«ታዲያ በምን ሊለቀስለት ነው?» አለች ሦስተኛዋ ልጅ ስመኝ። «በብይ ከረጢት?»

እናቷ ከወደቡ እስክትደርስ ስመኝ ቤት ለቤት ዞረች። ቆቡን ከራስ፣ ከረጢቱን ከእጅ ወሰደች። አንዳንዷ እናት ዝም ብላ ሰጠቻት፤ አንዳንዷ «የሰጡትን መቀማት ከማን ተማራችሁ?» ብላ አዋረደቻት። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ስመኝ ዘወር ብላ አላየችም። ቆቦቹን ተረተረች፣ የአሻንጉሊቶቹን ሆድ ቀደደች፣ ጨርቁን አጠበች፤ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጠመች ካፖርት እስኪመስል ሰፋችው። የጎደለው ኮሌታው ብቻ ነበር። ወደ እንጉዳይ ስትሄድ ልጅቷ በሩን በጀርባዋ ገጥማ ቆመች።

«እቴቴ፣ አሁን ነው ያስተኛሁት። አትቀስቅሺብኝ» አለቻት።

ስመኝ በጥፊ መታቻት። ቤቱን ስትበረብር አሻንጉሊቱ አልተገኘም። እንዲህ አድርጋ ባትሰፋው ኖሮ ግን መኳንንት በባዶ ምንጣፍ ይለቀስለት ነበር።

ይታይሽ ስትመጣ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ካፖርቱ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። ልጆቿ ሊያቅፏት ተነሡ፤ በእጇ መለሰቻቸው። ጎንበስ ብላ ካፖርቱን ገለበጠችና ስፌቱን አየችው። ሳይተረተር የቀረውን የፈንታን ልቅም ያለ ስፌት ታውቀዋለች፤ እሷ ናት ያስተማረችው። የስመኝን እልህ የተሞላ ጥብቅ ስፌትም ለየችው። በየመሃሉ የማታውቀው ክር አለ፤ ሰፋፊ፣ ጠማማ፣ የሕፃን እጅ ያለፈበት። ብል የበላው ስለጎደለ ካፖርቱ አጥሯል፣ ጠቧል። ከእንግዲህ ልኩ የአንዲት ትንሽ ልጅ ነው። እጇን ኮሌታው ወደነበረበት ሰደደች፤ ምንም የለም። ሌላ ምንም የማይከፍተው የሳጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

የእድሩ ዳኛ ልብሱን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሦስቱም ተነሡ።

«እኔ ባልከፍተው ዛሬ ምንም አይኖርም ነበር» አለች ጥሩአየሁ።

«እኔ ባልቆርጠው ስሙን የሚያውቅ ልጅ አይኖርም ነበር» አለ ፈንታ።

«እኔ ባልሰፋው እናንተ ቆማችሁ ምን ልትይዙ ነበር?» አለች ስመኝ።

ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። አንዱ ሽማግሌ ሦስቱም ይያዙት ቢል፣ አጠገቡ ያለው «እንደገና ሊቀድዱት?» አለው። ይሄኔ እንጉዳይ በስስ ቀሚስ እየተንቀጠቀጠች በድንኳኑ መግቢያ ብቅ አለች። አሻንጉሊቱ ብብቷ ስር ነው። ስመኝ ብድግ አለች። ይታይሽ ግን ቀድማ ልጅቷን ወደ ራሷ ጠራቻት። ያን የከፋይ ፀጉር በጣቷ ነካችው።

«ስሙ ማነው?»

«መኳንንት።»

«ማን አወጣለት?»

«እኔ። ጋሼ ፈንታ ጠፍቷል አለን» አለች ልጅቷ። «እኔ አገኘሁት።»

ይታይሽ እጇን ሰበሰበች። ያን ሁሉ ዘመን በባሕሩ ዳር ስትፈልገው የኖረችውን፣ እንዲህ ባለ ቀላል ድምፅ አገኘሁት የሚላት ሰው ይመጣል ብላ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችም። ከለቀስተኛው መሃል አንዲት ሴት፣ ካፖርቱ ለማን ልክ እንደሆነ ዓይን ያለው ያያል፣ ልጅቷም በርዷታል አለች። ሌላዋ፣ ሙት የሚለቀስበትን ለሕፃን ማልበስ ነውር ነው አለች። ስመኝ ደግሞ ኮሌታ የሌለው ካፖርት አንገት የሌለው ሰው ነው፤ አሻንጉሊቱ ተፈቶ ይገጠም፣ ከዚያ ለቅሶው ይጀመር አለች። እንጉዳይ ይህን ስትሰማ አሻንጉሊቱን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዷ ቃል አፍርሳ ከብል አዳነችው። አንዱ ካፖርቱን አጥፍቶ ስሙን አኖረው። አንዷ ሕፃናትን አስለቅሳ ለሙት የሚያለቅሱበትን አበጀች። አንዲቷ ያገኘችውን አልሰጥም አለች፤ ብርዱም የእሷ ነው። ካፖርቱን ከምንጣፉ ማን ያንሣው? የማንስ ይሁን?

መልሳችሁን ይዛችሁ ግን ወደ ይታይሽ አትሂዱ። የእድሩ ዳኛ ሞክሯል። አጠገቧ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፍርዱ ቢቀር እንኳ ለቅሶው ሳይጀመር ልጆችዎን ይቅር ይበሏቸው፣ ወጉ ነው ብሎ ለመናት።

«ማንንም ይቅር አልልም» አለችው። «የከፈተችውንም፣ የቆረጠውንም፣ የቀማችውንም። ካፖርቱን አሸክሞኝ የሄደውንም።»

«ልጅቷንስ?» አላት።

ይታይሽ እንጉዳይን አየቻት።

«ልጅቷንም።»