ባሕር ያልነካ እግር

ስሙኝማ። ሰምታችሁም ለመነሣት አትቸኩሉ፤ ይህ ነገር ቀስ እያለ ነው የሚረዝመው።

አዳማ ውስጥ ይድነቃቸው የሚባል መኪና ቀለም ቀቢ ነበረ። ሚስቱ ፋናዬ በኅዳር ሞተችበት። የሰባት ዓመት ልጅ ቀረችው፤ ስሟ ሶልያና። ሶልያና ከዚያ ወዲህ ምንም ለምና አታውቅም። ጫማ ጠበበኝ አላለችም፣ ከረሜላ ግዛልኝ አላለችም፣ እዘለኝም አላለችም። አባቷን ከሁሉ የበለጠ ያስፈራው ይህ ነው። የማይለምን ልጅ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው፤ መቼ ተነሥቶ እንደሚሄድ አይታወቅም።

በሚያዝያ አክስቷ አስካለ ፎቶ ላከች። አስካለ የይድነቃቸው እኅት ናት፤ ማልታ በምትባል የሜዲትራኒያን ደሴት አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ፎቶው ላይ የዱሮ ፈረሰኞች የሠሩት ቢጫ የድንጋይ ግንብ አለ። ግንቡ ቁልቁል ወርዶ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሯል። ሶልያና ፎቶውን ሁለት ቀን ከእጇ አልለየችውም። በሦስተኛው ቀን፣ "አባዬ፣ እኔም እግሬን እዚያ ልንከር?" አለች።

ልመናዋ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ይድነቃቸው እሺ አለ። እሺ ለማለትማ ምን አለበት። አስካለም ደስ አላትና ለነሐሴ ፈቃድ ጠየቀች፤ ትኬቱ በእኔ ነው አለች። አንድ ቀን ግንቡን፣ አንድ ቀን ጀልባውን፣ የቀረውን ቀን ሁሉ ባሕሩን እያለች የክረምቱን ዕረፍት በስልክ አቀደችው። ነሐሴ ካለፈ ግን ፈቃዴ የለም፣ የከርሞ ሰው ይበለን አለች።

ይድነቃቸው ትኬት ቆራጩ ዘንድ ሄደ። ትኬት ቆራጩ ቪዛ አምጣ አለው። ቪዛ ሰጪዎቹ ዘንድ ሄደ። እነሱም የልጅቷን ፓስፖርት አምጣ አሉት። ፓስፖርት የላትም። እናም ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ዋለ።

ልጁን ይዞ ወደ ፓስፖርቱ መስኮት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ቅጹን አገላብጣ እናትየዋም ትፈርም አለች። አትፈርምም አላት። ለምን ብላ ጠየቀችው። ከመስኮቱ በታች ቆማ የማትታየው ሶልያና ናት "ሞታለች" ያለችው። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዲያው የሞት ማስረጃ ከወረዳ ያስፈልጋል አለች። ማስረጃ የለውም። ከኅዳር ጀምሮ ፋናዬ ሞተች የሚል ወረቀት እቤቱ አላስገባም። እናም ፓስፖርቱ አልወጣ ቢል ቪዛው አልመታ አለ፤ ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ዋለ።

ወረዳ ሄደ። የወረዳው ጸሐፊ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ይጻፍልህ አለው። ወረቀት ሳልይዝ ሰው ሞተ ብዬ አልጽፍም፤ በኋላ ሰውየው በእግሩ ይመጣብኛል ብሎም ሳቀ። የይድነቃቸውን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወ። እናም ማስረጃው አልጻፍ ቢል ፓስፖርቱ አልወጣ አለ፤ ፓስፖርቱ አልወጣ ቢል ቪዛው አልመታ አለ፤ ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ዋለ።

ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የቀብሩን መዝገብ የሚይዙት መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አስረው ገጹን በጣታቸው ወረዱበት።

"ፋናዬ የሚባል ከዚህ የለም፣ ልጄ" አሉት። "እኛ የምንጽፈው በሰማይ የምትጠራበትን ነው። ክርስትና ስሟ ማን ነው?"

ይድነቃቸው አያውቀውም። የተጋቡት ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ጠይቋትም አያውቅ። በፍትሐቱ ስሟ ተጠርቷል፤ እሱ ግን የዚያን ቀን ጆሮ አልነበረውም። ስሙን ለካህናቱ የሰጡት የነፍስ አባቷ ነበሩ፤ እሳቸውም በጥር መንነው ሄደዋል፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

መሪጌታ መዝገቡን አዙረው አሳዩት። በዚያ ቀን ሦስት ሴቶች ተቀብረዋል፤ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ገብርኤል፣ ወለተ ማርያም። "ከነዚህ የትኛዋ ናት ያንተ?"

ይድነቃቸው ጣቱን አንዱ ስም ላይ አሳረፈ። ከዚያ እንደ ፍም ለቀቀው። በጣቱ የሰው ሚስት የሚቀብር መሰለው።

እናም መዝገቡ አልናገር ቢል ማስረጃው አልጻፍ አለ፤ ማስረጃው አልጻፍ ቢል ፓስፖርቱ አልወጣ አለ፤ ፓስፖርቱ አልወጣ ቢል ቪዛው አልመታ አለ፤ ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ዋለ።

አሁን ክፉው መጣ። ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የፋናዬ እናት፣ ደብረ ብርሃን ያሉት እማማ ጥሩወርቅ። እማማ ጥሩወርቅ ልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባቸው ብሏል። ስለዚህ የልጃቸውን መርዶ ማንም አልነገራቸውም። ዘመድ መከረና ትንሽ ይሻላቸው ተባለ፤ ከዚያ ገና ይለፍ፣ ከዚያ ጾሙ ይውጣ፣ ከዚያ ፋሲካ ይዋል ተባለ። እሑድ እሑድ ይድነቃቸው ይደውልላቸዋል። ፋናዬስ ሲሉት ሥራ በዝቶባት ነው ይላል፤ ወይ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል ይላል። ስልኩን ሲዘጋ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

ስሟ ማን ነበር ተብሎ ይጠየቃል? ያለ መርዶ እንዴት ተብሎ? እናም ስሙ አልገኝ ቢል መዝገቡ አልናገር አለ፤ መዝገቡ አልናገር ቢል ማስረጃው አልጻፍ አለ፤ ማስረጃው አልጻፍ ቢል ፓስፖርቱ አልወጣ አለ፤ ፓስፖርቱ አልወጣ ቢል ቪዛው አልመታ አለ፤ ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ዋለ።

ይድነቃቸው ለእማማ ጥሩወርቅ ጎረቤት ደወለላቸው። ጋሽ አሰግደው ይባላሉ፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። እኔ አርባ ቤት መርዶ ነግሬአለሁ አሉ፤ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቼ፣ አንድም ቀን እጄ አልተንቀጠቀጠም። ልብ የታመመ ቤት ግን ልጃቸው ጌጡ ካልፈቀደ ከደጃፉ አልደርስም።

የፋናዬን ወንድም ጌጡን ጋራዡ ድረስ አስጠራው። ጌጡ ሰምቶ ሰምቶ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አያስቅም።

"አንተ ባሕር ልታይ እኔ እናቴን ልግደል? ይለቀስ ቢባል ደግሞ ገዳይዋ ማን ሊባል ነው? እኔ አልፈቅድም። ከደፈርክ አንተው ንገራት፤ አማች ነህ፣ ቢበዛ አትመለስ ትባላለህ።"

ይድነቃቸውስ? ይድነቃቸው ፈራ። ቢናገር አሮጊቷ እጁ ላይ ሲወድቁ ይታየዋል። ባይናገር ልጁ። ሌሎቹ ሁሉ ወደሚቀጥለው ሂድ ብለውታል፤ ከፍርሃት በኋላ ግን ሌላ መስኮት የለም።

እናም ፍርሃቱ አልለቅ ቢል ጌጡ አልፈቅድ አለ፤ ጌጡ አልፈቅድ ቢል መርዶው አልነገር አለ፤ መርዶው አልነገር ቢል ስሙ አልገኝ አለ፤ ስሙ አልገኝ ቢል መዝገቡ አልናገር አለ፤ መዝገቡ አልናገር ቢል ማስረጃው አልጻፍ አለ፤ ማስረጃው አልጻፍ ቢል ፓስፖርቱ አልወጣ አለ፤ ፓስፖርቱ አልወጣ ቢል ቪዛው አልመታ አለ፤ ቪዛው አልመታ ቢል ትኬቱ አልቆረጥ አለ፤ የሶልያናም እግር ባሕር ሳይነካ ሰኔ ገባ።

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር፣ ሶልያና ፎቶውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይቅር፣ አባዬ" አለችው። አላለቀሰችም። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያለችው።

ይድነቃቸው እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ልጁን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ።

መንገዱን ሁሉ አስጠናት፤ አያትሽ ፊት ስለ እማዬ አንዲት ቃል እንዳታወጪ። ሐሳቡ እዚያ ማደር ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ጋሽ አሰግደውን ለምኖ አብሮ ሊናገር። ከሸኖ በኋላ ብርዱ በመስኮት ገባ። እሱን ግን ያልበው ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ በሁለት ዝናብ መካከል በወጣች ፀሐይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ምስር። ሳሟቸው። ፋናዬስ አሉ። ሥራ በዝቶባት አለ ይድነቃቸው። እሳቸው ምስራቸውን እየለቀሙ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"አንቺስ የኔ ዓለም፣ ምን አማረሽ?"

"እግሬን ባሕር ውስጥ መንከር።"

"ታዲያ ማን ከለከለሽ?"

ሶልያና ይህን ጥያቄ በደንብ ታውቀዋለች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እንደ ተማሪ ቆመች።

"እግሬ ባሕር ያልነካው ትኬቱ አልቆረጥ ብሎ ነው። ትኬቱ አልቆረጥ ያለው ቪዛው አልመታ ብሎ ነው። ቪዛው አልመታ ያለው ፓስፖርቱ አልወጣ ብሎ ነው። ፓስፖርቱ አልወጣ ያለው ማስረጃው አልጻፍ ብሎ ነው።"

እዚህ ስትደርስ ቆመች። አባቷን አየችው። ይድነቃቸው ሰንሰለቱ እግሩ ሥር ደርሶ ሲቆም ታወቀው።

"የምን ማስረጃ?" አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

ጎህ አልነበረም። ሽማግሌ አልነበረም። ጌጡ አልፈቀደም። ይድነቃቸው ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"የሞት፣ እማማ። የፋናዬ የሞት ማስረጃ።"

እጃቸው ምስሩ ውስጥ ነበረ። አልቆመም። አንዲት ጠጠር አገኙና አውጥተው ጣሏት።

"በኅዳር ነው?"

"ኅዳር ሃያ።"

"እሑድ እሑድ እሷ ነበረች የምትደውልልኝ። ከዚያ አንተ መደወል ጀመርክ። ልጄ ምን ያህል ሥራ ቢበዛባት ነው ሰባት ወር እናቷን የምትረሳ?"

ካወቁ ለምን ዝም አሉ ብሎ ጠየቃቸው። ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉት። አወቅሁ ብልህ ልጅቷን እንደያዝክ የምትወድቅ መሰለኝና ፈራሁ።

"እኔ ላንተ ፈራሁ፣ እናንተ ለእኔ ፈራችሁ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ልቅሶዬን ሰረቃችሁኝ።"

ሰፌዱን አስቀመጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ጮኹ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጋሽ አሰግደው ባዶ ራሳቸውን እየሮጡ መጡ፤ ሐፍረታቸውን በትልቅ ልቅሶ ሸፈኑት። ጌጡም በማግስቱ ደረሰ፤ ከበሩ ሲገባ እናቱ አቅፈው አስለቀሱት እንጂ አልገሠጹትም። ይድነቃቸው ሦስቱንም ቀን ከአሮጊቷ ጎን አልተነሣም። ሲያለቅስም ዓይኑ ደረታቸው ላይ ነበር። ደረታቸው ከፍ ሲል ይተነፍሳል፣ ዝቅ ብሎ ሲዘገይ ትንፋሹን ይይዛል። ልባቸው ግን አልቆመም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ እማማ ጥሩወርቅ ጠሩት። "ወለተ ገብርኤል ናት" አሉት። "በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሣኋት እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካት አላለቀሰችም።" ቀጥለው ሶልያናን አዩ። ማልታ ማለት ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት አይደለም ወይ፣ በመርከብ እንዳትሄዱብኝ አሉ። በአውሮፕላን ነው አለቻቸው። እንግዲያው ደግ አሉ።

እናም ፍርሃቱ ቢለቅ መርዶው ተነገረ፤ መርዶው ቢነገር ስሙ ተገኘ፤ ስሙ ቢገኝ መዝገቡ ተናገረ፤ መዝገቡ ቢናገር ማስረጃው ተጻፈ፤ ማስረጃው ቢጻፍ ፓስፖርቱ ወጣ፤ ፓስፖርቱ ቢወጣ ቪዛው ተመታ፤ ቪዛው ቢመታ ትኬቱ ተቆረጠ፤ ትኬቱ ቢቆረጥ ነሐሴ ሳያልቅ፣ በዚያ ቢጫ ግንብ ሥር፣ የሶልያና እግር ባሕር ነካ።

ነካና ዘላ ወጣች። ውኃው ተንቀሳቀሰባት። ዘወር ስትል አባቷ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። እሱም ፈርቷል፤ ውኃው መጨረሻ የለውም።

"አንተ ቅደም" አለችው።

ቀደመ። ተከተለችው። እኔም ተረቴን ይዤ ከዳር ተመለስኩ፤ ዋና አልችልም።