የዘመድ ናፍጣ

መሥሪያ ቤቱን በዘመድ የሞሉት ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ፣ «ሕዝቡን ወርጄ ልይ» ብለው አልጋና ማዕድ ቤት ያለው መኪና አስገዙና ጉዞ ጀመሩ። ሹፌሩ ማደያ ሊገባ ሲል፣ «ተው! እፊታችን ባለችው ከተማ የአክስቴ ልጅ ናፍጣ በበርሜል ይሸጣል። ባዳ ከሚበላ ዘመድ ይብላ» አሉት። እዚያ ሲደርሱ ሹፌሩ በርሜሉን አይቶ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ደፍርሷል» ቢል፣ «ዝም ብለህ ቅዳ!» ተባለ።

ዳገቱ መሀል ላይ መኪናው ሳል ሳል አለውና ቀጥ አለ። ሹፌሩ የነዳጅ ማጣሪያውን ፈትቶ ሲያየው በጭቃና በዝገት ተደፍኗል። የአካባቢው ሰው ተሰበሰበ። አቶ ልሳነወርቅ ከአልጋቸው ተነሥተው በካልሲ ወረዱና ጮኹ፦

«ጥፋተኛው ማነው? እዚሁ ሕዝብ ፊት ተናገር! በዘመዴ ካሳበብክ ግን ቁልፉን አስረክበህ በእግርህ ትሄዳለህ!»

ሹፌሩ ማጣሪያውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ዘመድዎ ምን አጠፉ! ጥፋተኛው ይሄ ማጣሪያ ነው። ከእርስዎ ዘመድ የመጣውን እንዳለ ማሳለፍ ሲገባው፣ ቆሻሻ ነው ብሎ ከለከለ። ምን ያድርግ፣ የመሥሪያ ቤታችንን አሠራር አያውቅማ!»