ጥላ የሌላቸው ድንኳኖች

ኑማ፣ ጠጋ በሉኝ ልጆቼ። እንዲህ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ትዝ የምትለኝ አንዲት ነገር አለች።

አንድ ውባንተ የሚባል ሰው ነበር፣ በጦርነት ዘመን። ሥራው ምን መሰላችሁ? አውሮፕላን ከላይ ያነሳውን ፎቶ በአጉሊ መነጽር እያየ፣ የጠላት ጦር ያለበትን በቀይ እርሳስ መክበብ። እሱ የከበበው በማግስቱ በቦምብ ይመታል። እሱ እቴ! የሚያየው ወረቀት ነው፤ ደሙንም ጩኸቱንም አያውቀው።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው አንድ ፎቶ መጣ። ወንዝ ዳር፣ ሣሩ ላይ፣ ነጫጭ ነገር ተደርድሯል።

«ድንኳን! አገኘናቸው!» አለ አለቃው።

ውባንተ አጎንብሶ አየ፤ ደግሞ አየ። «ጌታዬ፣ ዛፉ ጥላ አለው። እነዚህ ግን የላቸውም። የቆመ ድንኳን እንዴት ጥላ ያጣል?»

«ወይ አንተ! ጥላ ለቃሚ ሆንክልን? ወይስ ለእነሱ ማዘን ጀመርክ?»

እዚያ የነበሩት ሳቁ። በዚያ ዘመን «ለእነሱ አዘነ» መባል ራስን የሚያስበላ ነው። ውባንተ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለበዓል ጋቢ ታጥቦ ሣር ላይ እንደሚሰጣ ያውቃል። «ጋቢ ነው» ሊል ፈለገ። ዋጠውና ከበበ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ፎቶ መጣ። ወንዙ ዳር ጉድጓድ ብቻ። ነጫጩ አሁን አጠገቡ ባለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተደርድሯል፤ ጠበብ ብሎ፣ በሰው ቁመት። አንዳንዱ አጭር ነው።

«ሰፈር ለወጡ» አለ አለቃው።

«አልለወጡም ጌታዬ። በጋቢያቸው ተገነዙ።»

ጦርነቱ ሲያበቃ ውባንተ እዚያ መንደር ሄዶ፣ ልጆቻቸው ያለቁባቸው እማማ ይመኙሻል እግር ላይ ወደቀ። ሁሉንም ነገራቸው።

እማማም እንዲህ አሉት፦ «የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ስታልፍ ልጆቼ እጃቸውን አውለበለቡላት። አልታዩህም፣ ልጄ?»

«እነሱ አልታዩኝም፣ እማማ። ጋቢው ግን ታይቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።»

አያችሁ ልጆቼ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ነጥብ ያክላል፤ ነጥብ መግደል ደግሞ ማንንም አይከብደውም። እውነቱን እያወቀ ፈርቶ የዋጠም ሳይተኩስ ገደለ። እናንተ ብትሆኑስ፣ ትናገሩ ነበር?

አለቃው ማዕረግ ተጨምሮለት፣ አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። ቦምቡን የጣለው አብራሪ ማንን እንደመታ ሳያውቅ ቀረ። ውባንተ ከዚያ መንደር አልወጣም፤ እንጨት እየፈለጠ፣ ውሃ እየቀዳ እማማ ይመኙሻልን ጦረ። በሰባተኛው ዓመት ሲሞቱ የቀበራቸው እሱ ነው።